የልጆች የእርሻ ክበብ ወደ መማሪያ ክፍል የገባበት ታሪክ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ብዙ ተነጋግረናል። «ልጁ ደብተሩን ሞልቶ ይመጣል፤ ሚስማር ምታ ቢሉት ግን ጣቱን ነው የሚመታው» ያሉ አባል ነበሩ፤ ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ስለሆነም እጅን ከአእምሮ ጋር የሚያሠራ የወጣቶች ክበብ ወደ ትምህርት ቤት እንዴት እንደገባ፣ ገብቶም እንዴት እንደወጣና እንደተመለሰ በሌላ አገር የሆነውን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ እወዳለሁ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ክበቡም «ፎር ኤች» ይባላል። ስለ አሜሪካ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1900 ግድም የአሜሪካ ገጠር ዛሬ እንደምናስበው አልነበረም። በብዙው ቦታ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ መምህሩም አንድ ሰው ነው። ትንሹም ትልቁም ልጅ እዚያው ተቀምጦ ከመጽሐፍ ይሸመድዳል። አባት ደግሞ «ይህ ትምህርት ልጄን ከመሬቱ ያርቅብኛል እንጂ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። ከመንግሥት የእርሻ ጣቢያዎች የሚወጣውንም አዲስ ዕውቀት ገበሬው በቀላሉ አይቀበልም ነበር። አያቱ የዘራውን ነው የሚዘራው።

በኢሊኖይ ግዛት ዊል ኦትዌል የሚባል ሰው ገበሬዎችን ለእርሻ ትምህርት ስብሰባ ቢጠራ የሚመጣለት አጣ። ስብሰባ ጠርቶ ሰው ማጣት ምን እንደሆነ የእድራችን ሊቀ መንበር በደንብ ያውቁታል! ኦትዌልም አባቶቹን ትቶ ወደ ልጆቹ ዞረ። የተመረጠ የበቆሎ ዘር አደለና ጥሩ ላመረተ ልጅ ሽልማት አለ። ልጆቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተመዘገቡ። ልጅ ምርቱን ለማሳየት ሲመጣ አባትና እናትም ተከትለው መጡ።

በኦሃዮ ግዛት ደግሞ አልበርት ግራሃም የተባለ የገጠር ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1902 ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው ፍርድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ሰበሰበ። የሰጣቸውም ሥራ በቆሎና አትክልት መዝራት፣ ቀለሙን በሚለውጥ ወረቀት የአፈርን ኮምጣጣነት መመርመርና ያዩትን መጻፍ ነበር። የፎር ኤች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ስብሰባ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ክበቡን የጀመረው የትምህርት ቤት ሰው ነው።

ይህንኑ ወደ ክፍል ውስጥ አጥብቃ ያስገባችው በአይዋ ግዛት የምትኖር ጄሲ ፊልድ የምትባል መምህርት ናት። እ.ኤ.አ. በ1906 የወረዳዋ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ስትሆን ለወንዶቹ የበቆሎ ክበብ፣ ለሴቶቹ የቤት አያያዝ ክበብ አቋቋመች። ከዚያም አልፋ የሒሳብ ትምህርቱን ከእርሻ ጋር አያያዘችው። ልጁ ስለማያውቀው ነጋዴና መርከብ ከሚያሰላ ይልቅ አባቱ የዘራው ዘር ከመቶው ስንቱ እንደሚበቅል፣ ላሟ በቀን ስንት ወተት እንደምትሰጥና የምትበላው ስንት እንደሚያወጣ ያስላ ማለቷ ነው። ለዚህም የሚሆን የእርሻ ሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጀች። ለክበቦቹም የማገጣ ቅጠል ምልክት አሠራችላቸው። ኋላም ቅጠሉ አራት ሆነ፤ በየቅጠሉም «ኤች» የሚለው ፊደል ተጻፈበት። በእንግሊዝኛ ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና የሚሉት ቃላት በዚህ ፊደል ስለሚጀምሩ ነው። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው።

በደቡቡ ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 ማሪ ክሮመር የተባለች የደቡብ ካሮላይና የገጠር መምህርት የልጃገረዶች የቲማቲም ክበብ አቋቋመች። እያንዳንዷ ልጅ ወደ 400 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቲማቲም ተክላ፣ ተንከባክባ፣ በቆርቆሮ አሽጋ ትሸጣለች። በዚያው ዓመትና በዚያው ግዛት ጄሪ ሙር የሚባል ልጅ ከአንድ ኤከር፣ ማለትም ወደ 4 ሺህ ካሬ ሜትር ከሚሆን መሬት 228 ቡሼል ተኩል የሚያልፍ በቆሎ አመረተ። በእኛ ሚዛን 58 ኩንታል ያህል ነው። በዚያን ጊዜ የአገሩ አማካይ ምርት ከዚያው ስፋት 8 ኩንታል አይሞላም ነበር። አዋቂው ገበሬ በልጅ ተበለጠ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይከራከራል?

ዕድሜዬን በመዝገብ ሥራ ያሳለፍኩ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ክበቦች ሽልማቱ ለምርት ብዛት ብቻ አይሰጥም ነበር። ልጁ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉልበት ያወጣውን፣ ያገኘውንና የሠራበትን ቀን ሁሉ በደብተር መዝግቦ ማቅረብ ነበረበት። ያልተጻፈ ሥራ እንደልተሠራ ነው። በዚህም ምክንያት ልጁ መጻፍና ማስላት የተማረው ለፈተና ሳይሆን ለገዛ ንብረቱ ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ስሚዝ ሌቨር የሚባለው ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት መንግሥትና የእርሻ ኮሌጆች በየወረዳው የእርሻ ባለሙያ መቅጠር ቻሉ፤ የልጆቹም ክበብ ወደ እነርሱ እጅ ገባ። በጀት አገኘ፣ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ ከትምህርት ቤት እየወጣ በበጎ ፈቃደኛ ወላጆች ቤትና በየአዳራሹ የሚካሄድ ሆነ። ይህ ለውጥ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። ልጁ በፈቃዱ ስለሚመጣና ዓመት ከዓመት ስለሚቀጥል ሥራውን በጥልቀት ይማራል። በሌላ በኩል የሚመጣው የሚያመጣው ወላጅ፣ የሚዘራበት መሬት፣ የሚያረባው ጥጃ ያለው ልጅ ነው። የሌለው ውጭ ይቀራል።

ውጭ መቅረት ሲባል የጥቁሮችን ልጆች ጉዳይ ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በደቡቡ ክፍል ሕጉ ዘር ስለሚለይ የእነርሱ ክበብ ለብቻው፣ በጀቱም ያነሰ ነበር። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እንዲህ ሆኖ ቆየ። እንዲያም ሆኖ ሥራው አልቆመም። ቨርጂኒያ ራንዶልፍ የምትባል ጥቁር መምህርት እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በቨርጂኒያ ግዛት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች የእጅ ሥራ፣ ስፌት፣ ምግብ ማብሰልና አትክልት ስታስተምር፣ ወላጆችንም እያስተባበረች ትምህርት ቤቶቹን ስታሳድስ ኖራለች። በእርሷ አርዓያ በርካታ መምህራን በልዩ ልዩ ግዛቶች ተሰማሩ። ድሃ ልጅ የሚገኘው ትምህርት ቤት ነውና እዚያው ድረስ ሄዱለት።

ኋላም ከተሞች ሲበዙ፣ እርሻ የሚያውቅ ልጅ ሲያንስ ፎር ኤች ራሱ ወደ ክፍል ተመለሰ። ለምሳሌ የታወቀውን የጫጩት ትምህርት እንውሰድ። የወረዳው ቢሮ ለመምህሩ እንቁላልና ትንሽ የመፈልፈያ መሣሪያ ያውሳል። ልጆቹ ሙቀቱን 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ይጠብቃሉ፣ እንቁላሉን በቀን ደጋግመው ያገላብጣሉ፣ በጨለማ በባትሪ እያዩ በውስጡ ደም ሥር ሲዘረጋ ይከታተላሉ፣ የየቀኑን ይጽፋሉ። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። እናቶቻችን ይህንን 21 ቀን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል አይደለም እንዴ? ዶሮ ያስታቀፈች እናት ሁሉ ቀን ትቆጥራለች። ልዩነቱ እዚያ ክፍል ውስጥ አርባውም ልጅ ያየዋል፤ የሀብታሙም የድሃውም።

እርግጥ ነው ተቃውሞም አለ። መምህሩ የሚጨርሰው መጽሐፍ አለው፤ ጊዜ የለውም። ክፍል ውስጥ የገባ ክበብም የሁለት ሳምንት ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የተሳካላቸው ቦታዎች መምህሩ ላይ አዲስ ሸክም አልጫኑም። ዕቃውንና የሥራ መመሪያውን አዘጋጅተው፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይዘው የሚመጡት ከውጭ ያሉት ናቸው። ሥራውም መምህሩ ከሚያስተምረው የሳይንስና የሒሳብ ምዕራፍ ጋር ይያያዛል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ባደረገው ርዳታ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀምሮ ኋላ ዓለማያ የገባው የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀቱን ወደ ገበሬው ማድረስን አንድ ላይ እንዲይዝ ሆኖ ነው የተቋቋመው። በየትምህርት ቤቱም የእርሻና የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላም ትምህርት ከምርት ጋር ይያያዝ ተብሎ ተማሪው በጓሮ እርሻ ተሰማርቷል።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤትም በሳምንት አንድ ቀን ዶማ ይዘን እንወጣለን፤ ጎመን እንተክላለን። ጎመኑ ሲደርስ ግን ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም። ስንት ወጣበት፣ ስንት ተሸጠ ብለን አልጻፍንም። ያጠፋ ተማሪም የሚቀጣው ያንኑ መደብ በመቆፈር ነበር። ታዲያ መቆፈር ቅጣት ነው ብሎ ያደገ ልጅ ሥራ እንዴት ይወዳል? እንግዲህ ሥራ ማሠራትና በሥራ ማስተማር አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ሦስት ነገር ነው፤ ሥራው የልጁ ይሁን፣ ውጤቱን ልጁ ይይ፣ መዝገቡን ልጁ ይያዝ።

ውድ አባላት፣ ይህንን ሁሉ የጻፍኩት ለወሬ አይደለም። በሰፈራችን ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ አለው፤ እኛ ደግሞ ባለሙያ አለን። በእድራችን መዝገብ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ዶሮ አርቢ እናቶች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹም ጡረታ ወጥተው ቤት ተቀምጠዋል። ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ዛሬ ለቀብር ድንኳን የሚተክሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጣቱ ካስማውን የት እንደሚመታ አያውቅም። ያላሳየነውን ከየት ያውቀዋል? እኛ ስናልፍ ድንኳናችንን የሚተክለው ማነው?

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። የሥራ አመራር ኮሚቴው ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጋር ይነጋገር። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ክፍል ብቻ ይመረጥ። ከአባላት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ ባለሙያዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከመምህሩ ጋር ይግቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሥራ ደብተር ይገዛለት። ወጪው የደብተር፣ የዘርና የጥቂት መሣሪያ ነው። በዓመቱ መጨረሻም ልጆቹ የሠሩትንና የጻፉትን በጠቅላላ ጉባኤያችን ፊት ያቅርቡ። ያን ጊዜ ለስብሰባ የሚቀር ወላጅ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ላይ እንዲያዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የደብተሩን አያያዝ ለልጆቹ ለማስተማር እኔ ፈቃደኛ መሆኔን ከወዲሁ አስመዘግባለሁ።