ስለ ጠፉ አራዊት ለሕፃናት የተጻፉ መጻሕፍት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በመጻሕፍት ቤት ተቀምጠን ስናጠና ስለ ዳይኖሰር የተጻፈ አንድ አሮጌ ባለሥዕል መጽሐፍ ይዞ መጣና «ይህ እውነት ነው ወይስ ተረት?» ብሎ ጠየቀን። የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች እንደ መሆናችን መልሱ ይጠፋናል ብለን አላሰብንም ነበር፤ ነገር ግን እርስ በርሳችን ተያይተን ዝም አልን። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ በሌላ ትምህርት ቤት ሳለ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያነብ መምህሩ ከኦሪት ዘፍጥረት ጋር አይስማማም ብለው ነጥቀውታል። ሌላው ደግሞ ያነበበውን ሁሉ አምኖ ኖሯል። ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት ከየት እንደ መጡ ለመመርመር ተነሣን። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የታሪኩ መጀመሪያ ከሕፃናት የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ላይም ሬጂስ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሜሪ አኒንግ የምትባል የድኻ አናጢ ልጅ ነበረች። በ1811 ወንድሟ የአንድ እንግዳ አውሬ ራስ ከገደል ውስጥ አገኘ፤ እርሷም በ12 ዓመቷ ገደማ የቀረውን አካል አገኘች። ይህ ዛሬ ኢክቲዮሶር የምንለው የባሕር አውሬ ነው። በ1824 ደግሞ ሜጋሎሶረስን በስም አውጥቶ ለዓለም ያስታወቀው ዊልያም ባክላንድ ቄስ ነበር። የጓደኛችንን መጽሐፍ የነጠቁት መምህር ይህን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ።

ሕፃናት እነዚህን አራዊት በዓይናቸው ያዩት በ1854 ለንደን አጠገብ በሲደናም የክሪስታል ፓላስ መናፈሻ በተከፈተ ጊዜ ነው። ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ የተባለው ቀራፂ በሊቁ በሪቻርድ ኦወን ምክር ግዙፍ ምስሎችን ሠርቶ አቆመ፤ በክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥዕሎችንም ለትምህርት ቤቶች አዘጋጀ። ታዲያ ኢጓኖዶን የተባለው ዳይኖሰር በአፍንጫው ላይ እንደ አውራሪስ ቀንድ ተደርጎለት ነበር። በ1878 በቤልጅግ አገር በበርኒሳር የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የብዙ ኢጓኖዶን ሙሉ አፅም ሲገኝ ግን ያ ቀንድ የአውራ ጣት ሹል አጥንት ሆኖ ተገኘ! ምስሉ እስከ ዛሬ ቀንዱን እንደ ያዘ በመናፈሻው ቆሟል።

ቻርለስ ዳርዊን ስለ ፍጥረታት ዝግመተ ለውጥ የጻፈው መጽሐፍ በኅዳር 24 ቀን 1859 ታተመ። ይህን አሳብ ለሕፃናት በተረት መልክ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ቻርለስ ኪንግዝሊ ነው፤ እርሱም ቄስ ነበር። በ1863 ባሳተመው «የውኃ ሕፃናት» በተባለው መጽሐፍ ቶም የሚባል የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ በወንዝ ውስጥ ወደ ውኃ ፍጡርነት ይለወጣል። በዚያው መጽሐፍ ሥራ የሚጠሉ ሰዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ እየወረዱ በመጨረሻ ጦጣዎች ይሆናሉ። ይህ ለሰነፍ ተማሪ ጥሩ ማስፈራሪያ ቢሆንም እውነተኛው ዝግመተ ለውጥ በስንፍናና በትጋት የሚሆን አይደለም።

በ1885 በወጣው እትም ፕሮፌሰር ቶማስ ሃክስሊና ኦወን በጠርሙስ ያለ የውኃ ሕፃን ሲመረምሩ የሚያሳይ ሥዕል ገባ። የሃክስሊ የልጅ ልጅ ጁልየን ገና የ5 ዓመት ልጅ ሳለ ይህን አይቶ፣ የውኃ ሕፃን በእርግጥ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ለአያቱ ደብዳቤ ላከ። ሽማግሌው ሊቅም ሳይስቅበት በቁም ነገር መለሰለት። ጁልየን አድጎ ራሱ የታወቀ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆነ፤ በ1946ም የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ለመሆን በቃ። እኛ የሰባተኛ ክፍሉን ልጅ ዝም ባልነው ጊዜ ይህን ታሪክ አላወቅንም ነበር።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ በዙ። ለስመ ጥሩው የመሬት ሊቅ ለላየል ጸሐፊ ሆና የሠራችው አራቤላ ባክሊ በ1880ና በ1882 ስለ ሕያዋን ፍጥረታት ለልጆች ጻፈች፤ ሬይ ላንከስተርም በገና በዓል ለወጣቶች የሰጠውን ትምህርት በ1905 «የጠፉ እንስሳት» ብሎ አሳተመ።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሳዘነንን ሳንናገር አናልፍም። በ1925 በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ግዛት ጆን ስኮፕስ የተባለ የ24 ዓመት መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ በፍርድ ቤት 100 ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ በ1927 በይግባኝ ተሰረዘ፤ ሕጉ ግን እስከ 1967 ድረስ አልተሻረም። እኛም መጀመሪያ ፍርዳችን ለመምህሩ ነበር፤ ዛሬም ለእርሱ ነው። ሆኖም ያስተማረበትን በ1914 የታተመውን የጆርጅ ሃንተርን የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ታሪክ ስንመረምር ደነገጥን። መጽሐፉ የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ከፍሎ የአውሮፓንና የአሜሪካን ነጮች ከሁሉ በላይ ያስቀምጣል። በፍርድ ቤቱ ክርክር የተነሣው ግን በዚያ ገጽ ምክንያት አልነበረም። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ በአንድ ገጽ እውነት፣ በሌላው ገጽ ሐሰት ሊያስተምር ይችላል ማለት ነው። ሐሰቱንም ያነበቡ ሕፃናት ስንት ናቸው?

የዚያን መሰላል ከንቱነት ከሚመሰክሩት አጥንቶች አንዳንዶቹ የተገኙት በእኛው አገር ነው። በ1967 በኦሞ ወንዝ አጠገብ የተገኙት የራስ ቅሎች ከ190 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው የእኛው የሰው ዘር ቅሪቶች ናቸው፤ ሰው ሁሉ፣ የሃንተርም አያቶች ጭምር፣ ሥራቸው አፍሪቃ ነው። ከዚያም እጅግ የምትቀድመው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ድንቅነሽ፣ በአፋር በሐዳር በኅዳር 24 ቀን 1974፣ ማለትም ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት ተገኘች። የዳርዊን መጽሐፍ ከታተመበት ቀን ጋር መግጠሙን ስናይ እኛም እንደ ሕፃን ተደስተናል።

አሁን ወደዚያ ልጅ መጽሐፍ እንመለስ። በውስጡ ኦቪራፕተር የሚባል ዳይኖሰር የሌላውን እንቁላል ሲሰርቅ ተሥሏል። የስሙም ትርጓሜ «እንቁላል ነጣቂ» ማለት ነው። በ1923 በሮይ ቻፕማን አንድሩስ የሚመራው የአሜሪካ ጉዞ በጎቢ ምድረ በዳ የእንቁላል ጎጆ ሲያገኝ ይህ አውሬ በጎጆው ላይ ሞቶ ተገኘ፤ በ1924ም ሌባ ተብሎ ተሰየመ። አንድሩስ ራሱ በ1953 ስለ ዳይኖሰር ለልጆች የታወቀ መጽሐፍ ጽፏል። በ1994 ግን እንደዚያ ባለ እንቁላል ውስጥ የዚያው የኦቪራፕተር ወገን ፅንስ መገኘቱ ተነገረ። ለ70 ዓመት ሌባ የተባለው በገዛ እንቁላሉ ላይ የተቀመጠ ወላጅ ነበር! ስሙ ግን በደንቡ መሠረት ሊለወጥ አይችልም።

ልጁን ጠርተን ይህን ሁሉ ነገርነው። አራዊቱ በእርግጥ ኖረዋል፤ ሥዕሉ ግን ተሳስቷል አልነው። የመጻሕፍት ቤቱን ኃላፊ አስፈቅደን እርማቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ከሥዕሉ አጠገብ ለጠፍነው። ልጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «እናንተም ተሳስታችሁ እንደ ሆነስ?» አለን። ከወረቀቱ ግርጌ ባዶ ቦታ ትተንለታል።