ልጁ፣ ጋሼና አራቱ ጎማዎች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ስለሚኖር አንድ ልጅ፣ ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ሲነዱ ስለኖሩ አጎቱ፣ እና የሰፈሩ አበሻ ሁሉ «ጎሚስታው» ስለሚላቸው አንድ አዛውንት ነው። ስማቸውን አልጠራም። ሦስቱም በሕይወት አሉ፤ ሦስቱም ሲቆጡ አይቻለሁ።

ልጁ መኪና ገዛ። መኪና ስላችሁ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስላችሁ። የ2013 ሳዮን ኤፍ-አር-ኤስ ነው፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ፣ ጉልበቱ ከኋላ ጎማው የሆነ፣ ሆዱ አስፋልቱን ሊስም ትንሽ የቀረው። ጃፓን ውስጥ ቶዮታ 86 ይሉታል። አጎትየው ዞር ዞር ብለው አዩትና፣

«ሻንጣ የት ነው የሚገባው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሻንጣ ለመጫን አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም ብሆን አልነበረኝም። ደስታን ለታክሲ ነጂ ማስረዳት ከባድ ነው።

ልጁን ከመኪናው ይልቅ ያኮራው ጎማው ነበር። ቀድሞ የያዘው ሰው ለእሽቅድድም የቀረበ፣ 245 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ አስገብቶበታል። ከኋላ ስታዩት የተቆጣ ይመስላል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠበ ጎኑን በቅባት ያብሰዋል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር የሚባለው ለሱ የተነገረ አልመሰለውም።

ኖቬምበር ገባ። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ልጁ ወደ ሥራ ሲሄድ ከ395 አውራ ጎዳና ወደ ታች የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ያዘ። አልፈጠነም። ሠላሳ ማይል እንኳ አልሞላም። ነዳጁን በስሱ ነካ ሲያደርገው የመኪናው ቂጥ ሹልክ ብሎ ወጣ። መሪውን መለሰ፤ አልሰማውም። መኪናው ዞሮ የመጣበትን መንገድ እያየ ቆመ፤ አንዱ ቸርኬ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ጠርዙ ታጠፈ። እግዜር ሲጠብቅ ከኋላው የመጣ መኪና አልነበረም።

አጎትየው ይህን ሲሰሙ አልተሳደቡም። በዚያው ቀን ከሥራ ሲወጣ ጠብቀው ወደ ጎሚስታው ወሰዱት። እኔም በዚያ ሰዓት ለራሴ ጉዳይ እዚያው ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነበርና ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጎሚስታው ልጅነታቸውን መርካቶ የከባድ መኪና ካላማዳሪ ሲለጥፉ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ክሪክ አላነሱም፣ ኮምፒውተር አልከፈቱም። ከኋለኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎተቱት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ወጋ አደረጉት። ከዚያ መነጽራቸውን አውርደው የጎማውን ጎን እንደ ድሮ ደብዳቤ ማንበብ ጀመሩ።

«3517» አሉ። «በ2017 በሠላሳ አምስተኛው ሳምንት የተሠራ። ስድስት ዓመት አልፎታል። ገና ስትገዛው አየኸው ይሄን?»

«ጥርሱ ደህና ነው ብዬ...»

ጎሚስታው ከኪሳቸው ሩብ ዶላር አወጡ። የጆርጅ ዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች ዘቅዝቀው ከጥርሱ ቦይ ውስጥ ከተቱት። የፕሬዝዳንቱ ፀጉር ሙሉ በሙሉ ይታያል። «ፀጉሩ ከታየ የቀረህ ከሦስት ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ዝናብ ላይ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማው ይንሳፈፋል። ሕጉ እስከ 1.6 ሚሊሜትር ይታገስሃል፤ ውሃው ግን ሕጉን አያነብም።»

ቀጥለው ቸርኬውን ለኩ። ፋብሪካው የሰጠው ባለ 7 ኢንች ነው። እንዲህ ያለ ባለ 245 ጎማ ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ቸርኬ ይፈልጋል። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ መሪ ስታዞር ጎማው መጀመሪያ ይወዛወዝና ከዚያ በኋላ ነው መኪናው የሚከተለው። «ለዓይን ነው የተገዛው» አሉ። በዚያ ላይ ሰፊ ጎማ ከፊቱ የሚገፋው ውሃ ብዙ ስለሆነ፣ ውሃ ላይ ከጠባቡ ቀድሞ ይንሳፈፋል። ይህን ሰው ሁሉ ይረሳል። ሰፊ ሁሉ የሚይዝ ይመስለዋል።

ልጁ ግን ተከራከረ። «ጋሼ ጎሚስታ፣ እንዲህ ዓይነት ጎማ እኮ የውድድር ሜዳ ላይ ማንም አያክለውም!»

«ማን አይደለም አለ? ሜዳው ላይ ዙር ስትዞር ይሞቃል። ሲሞቅ ይለሰልስና በአስፋልቱ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይነክሳል። አንተ ገና ሳይነጋ አሥር ደቂቃ ነድተህ የት ታሞቀዋለህ? ፍሪጅ ያደረ ቅቤ ዳቦ ላይ ቀብተህ ታውቃለህ?»

ልጁ ዝም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ የገበያው ተንኮል ያለው እዚህ ነውና። በአሜሪካ ሕግ አብዛኛው የቤት መኪና ጎማ ጎኑ ላይ የመበላት ቁጥር ይጻፍበታል። ፈተናው ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጀሎ አካባቢ በሕዝብ መንገድ ላይ ነው፤ 400 ማይል የሚሆን ዙር አለ፣ ጎማው 7,200 ማይል ይነዳበትና ከመለኪያው ጎማ ጋር ይነጻጸራል። መለኪያው 100 ነው። 200 የተባለ እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚለጥፈው ግን ፋብሪካው ራሱ ነው፤ ሲያሰኘው ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይችላል። እና የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በመንገድ ጎማ በሚደረጉ ውድድሮቹ ከ200 በታች የሆነ አይግባ ሲል፣ ፋብሪካዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለውድድር ጥቂት የቀረውን ጎማ ሠርተው በላዩ ላይ 200 ብለው ጻፉበት! ስለዚህ የመንገድ ጎማ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የመንገድ አይደለም። ሌላም ፊደል አለ፤ ድርብ ኤ የሚሉት። ሰው ሲያየው ኩርባ ላይ የሚይዝ ይመስለዋል። የሚለካው ግን እርጥብ መንገድ ላይ በቀጥታ እየሄዱ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። የኩርባን ነገር አንድም አይናገርም።

ወደ ወጋችን። ጎሚስታው ልጁን ከመኪናው በር አጠገብ አቁመው የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩት። 215/45 አር 17፣ የአየሩ ግፊት 35 ፒ-ኤስ-አይ። «ይሄ መኪና ሲወለድ ምን ጎማ ነበረው ይመስልሃል?»

«አላውቅም።»

«ሚሽላን ፕራይማሲ። ፕሪየስ ላይ የሚገባው!»

እዚህ ላይ አጎትየው ከወንበራቸው ተነሡ። እሳቸው የሚነዱት ፕሪየስ ነዋ። «እንዴት? የኔን ጎማ? ይሄ ሁሉ ጉራ በኔ ጎማ ነው?»

«ያንተ ባለ 15 ቸርኬ ነው፤ ባለ 17ቱ ፕሪየስ ነው ያልኩት» አሉ ጎሚስታው። አጎትየው ግን ከዚያ በኋላ ምንም አልሰሙም። ያን ቀን ሲስቁ ዋሉ።

ነገሩ እውነት ነው። ቶዮታና ሱባሩ ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2012 መኪናውን ሲያወጡት የቶዮታው ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ይህን ያደረጉት አስበው ነው። 200 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቀላል መኪና ከአስፋልት ጋር የሚያጣብቅ ጎማ ቢሰጡት፣ ሰው መኪናው ሲንቀሳቀስ እንዲሰማው ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ፍጥነት ላይ መድረስ ነበረበት። ጎማው ቀስ ብሎ ሲለቅ ግን ነጂው በዝግታ እየሄደም ቢሆን ይጫወታል፤ መኪናው ከመውጣቱ በፊት «ልወጣ ነው» ብሎ ይነግረዋል። ጋዜጠኞች ያን ጊዜ ብዙ ጽፈውበታል፤ ገሚሱ አድንቆ፣ ገሚሱ አፊዞ። ለእኔ ግን ሰውዬው ያወቁት ነገር ትልቅ ነው፤ የመንገድ መኪና ጎማ ስትመርጥ ምን ያህል ይይዛል ብቻ ሳይሆን ሲለቅ እንዴት ይለቃል ብለህ ጠይቅ። የልጁ ጎማ ሲለቅ አልተናገረም።

ልጁ ትንሽ ቆይቶ፣ «እሺ ፕራይማሲ ልግዛ?» አለ።

«ለምን ብለህ?» አሉ ጎሚስታው። «ጨዋታው ደስ ይላል፤ ፊትህ ያለው አውቶቡስ ድንገት ቀጥ ሲል ግን ቶሎ የሚያቆምህ ጎማ እያለ? የት የት ነው የምትነዳው?»

ልጁ ቆጠረ። ማለዳ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት፣ እሑድ ሲሞቅ ወደ ሼናንዶዋ ተራሮች፣ ስካይላይን ድራይቭ።

«105 ማይል በሙሉ በ35 የሚነዳበት መንገድ!» ብለው ሳቁ። ልብ በሉ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወይም ከተፈቀደው በ20 መብለጥ ትኬት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ደብልዩ ፊደል ደግሞ እስከ 270 ኪሎሜትር በሰዓት ይችላል ይላል፤ 168 ማይል መሆኑ ነው። ለፖሊሱ አሳዩትና ምን እንደሚላችሁ ስሙ።

«መኪናው የት ነው የሚያድረው?»

«መንገድ ላይ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ።»

«ሌላ አራት ቸርኬ የምታስቀምጥበት ቦታስ?»

«የለኝም።»

ጎሚስታው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለበጋ የተሠራ የስፖርት ጎማ አለ፤ የሚሽላኑ ፓይለት ስፖርት 4-ኤስ 300 የተጻፈበት፣ የኮንቲኔንታሉ ኤክስትሪምኮንታክት ስፖርት 340። ሁለቱም ሞቃት መንገድ ላይ፣ ደረቅም ይሁን እርጥብ፣ ድንቅ ናቸው። ነገር ግን ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደነድናሉ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 7 ሲደርስ ደግሞ ቆሞ ያደረውን ማንቀሳቀስ ብቻ ሊሰነጥቃቸው ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቦታና ገንዘብ ያለው ሰው አንድ ሙሉ የበጋ፣ አንድ ሙሉ የክረምት ከነቸርኬው ይዞ ማፈራረቅ ነው ያለበት። ልጁ ግን ቦታም ገንዘብም የለው።

ስለዚህ ጎሚስታው ከመደርደሪያ አንድ ጎማ አውርደው መሬት ላይ አንከባለሉት። ለዓመቱ ሁሉ የተሠራ የስፖርት ጎማ ነው፤ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪምኮንታክት ዲ-ደብልዩ-ኤስ። ጥርሱ ላይ ሦስት ፊደሎች ተቀርጸዋል። «ተመልከት፤ ኤሷ ስትጠፋ በረዶ ላይ አትመነው። ደብልዩዋ ስትጠፋ ዝናብ ላይ አትመነው። ዲዋ ብቻ ስትቀር ወደኔ ና።» ልጁ በጣቱ ፊደሎቹን ነካካ። ኩርባ ላይ የበጋውን ያህል አይሆንም፤ ጎሚስታውም አልዋሹትም። «በጁላይ ሙቀት ትንሽ ይለሰልስብሃል። በጃኑዋሪ ግን ትደርሳለህ።»

አጎትየው የዋጋ ነገር ሲሰሙ ጣልቃ ገቡ። «ሁለቱን ብቻ ይቀይር፤ አዲሶቹን ከፊት ያድርግ። መሪ ያለው ከፊት ነው።»

«እሱ የድሮ ነው» አሉ ጎሚስታው። «ሁለት ብቻ ቢሆን እንኳ አዲሱ ከኋላ ነው የሚገባው። ፊቱ ቢለቅ ነዳጅ ትቀንሳለህ፣ ይመለሳል። ኋላው ቢለቅ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ትሆናለህ። ይሄ ልጅ ደግሞ አራቱንም ይቀይራል።»

አጎትየው ሊከራከሩ አሰቡና ተዉት። ገንዘቡን ግማሽ በግማሽ ከፈሉ፤ ይህንን ማንም አልጠየቃቸውም።

የተጣመመው ቸርኬ ተቃና፣ ጎማዎቹ ገቡ፣ ባላንስ ተሠራ፣ ግፊቱ 35 ላይ ቆመ። «አየሩ በ10 ፋራናይት በቀዘቀዘ ቁጥር አንድ አንድ ይወርዳል፤ ወር በወር ለካ። አዲስ ጎማ ላይ ከፋብሪካው የቀረ ቅባት ስላለ የመጀመሪያውን 500 ማይል ተረጋጋ። ነገ ከነገ ወዲያም ብሎኖቹን ላጥብቅልህ ና።»

ልጁ አመስግኖ ወጣ። አጎትየው ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ጎሚስታው ጠረጴዛ ላይ የረሱትን ሩብ ዶላር አንሥተው ውጭ ወደቆመው ፕሪየስ ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ሳንቲሙን ከተቱ፣ አወጡ፣ ወደ ሁለተኛው ጎማ ዞሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው።

«ባለ 15ቱ ስንት ነው?» አሉ።

«ስንት ፈለግህ?»

«አራት» አሉ ጋሼ፤ ሳንቲሙንም ኪሳቸው ከተቱት።