የአልቶና አሸዋ፦ ስለ ውኃ ማጣሪያ አመራረጥና አጠባበቅ የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

ውኃን በአሸዋ ማጣራት የቆየ ጥበብ ነው። ለአንድ ከተማ ሕዝብ በሙሉ የሚበቃ ውኃ በዚህ መንገድ ማዘጋጀት የተጀመረው ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የማጣሪያ አሸዋ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚጠበቅ ሰዎች በምን አኳኋን እንደ ተማሩ፥ ትምህርቱም ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ነው። ዋነኛ ምስክሮቻችን በጀርመን አገር በኤልቤ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን የነበሩት ሁለት ከተሞች፥ ሐምቡርግና አልቶና ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1804 በስኮትላንድ በፔዝሊ ከተማ ጆን ጊብ የሚባል ሰው ለጨርቅ ማንጫው ንጹሕ ውኃ ስላስፈለገው የአሸዋ ማጣሪያ ሠራ፤ ከሥራው የተረፈውንም ውኃ ለከተማው ሰው ይሸጥ ጀመር። በ1829 ጄምስ ሲምፕሰን የተባለው መሐንዲስ በለንደን ለቼልሲ የውኃ ኩባንያ ሰፊ ማጣሪያ አቆመ። በ1852 የወጣው ሕግ ደግሞ ለለንደን ከወንዝ የሚቀዳው ውኃ ተጣርቶ እንዲሰጥ አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ያሰቡት ድፍርሱን ለማጥራት ነበር፤ ባክቴሪያ በሽታን እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም ነበርና።

ሐምቡርግ በ1842 ከደረሰባት ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ዊልያም ሊንድሊ በሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ መሪነት የቧምቧ ውኃና የፍሳሽ መውረጃ ተሠራላት። ውኃው ግን ከኤልቤ ወንዝ ተቀድቶ ሳይጣራ ይከፋፈል ነበር። ማጣሪያ ይሠራ የሚለው ሐሳብ በወጪ ክርክር ምክንያት ብዙ ዘመን ተጓተተ። በኋላ በፕሩስያ መንግሥት ሥር የገባችው አልቶና ግን ከ1859 ጀምሮ ውኃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር። ከዚህም የሚያስደንቀው አልቶና ውኃውን የምትቀዳው ከሐምቡርግ በታች፥ የሐምቡርግ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው።

በ1892 በኦገስት ወር ኮሌራ ወደ ሐምቡርግ ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 17,000 የሚሆኑ ሰዎች ታመሙ፤ ከነዚህም ወደ 8,600 ያህሉ ሞቱ። በአልቶና ግን የታመሙት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሮበርት ኮኽ እንዳመለከተውም ከነሱ አብዛኞቹ በሽታውን የያዙት ከሐምቡርግ ነው። የሁለቱ ከተሞች ድንበር በመንገድ መካከል ያልፍ ስለ ነበር አፈሩም አየሩም የሰዉም አኗኗር አንድ ነበር፤ የተለየው ውኃው ብቻ ነው። እንዲያውም በድንበሩ ላይ በሐምቡርግ በኩል የሚገኝ አንድ የቤቶች ግቢ ውኃውን ከአልቶና ያገኝ ስለ ነበር ከበሽታው ተርፏል። የሙኒኩ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የኮኽን ሐሳብ በመቃወም በኦክቶበር ወር የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ጠጥቶ ነበር፤ እሱም አልሞተም። ነገር ግን የአንድ ሰው መትረፍ በመንገዱ ወዲያና ወዲህ የታየውን ልዩነት ሊያስረሳ አልቻለም።

የታሪክ ጸሓፊው ሪቻርድ ኢቫንስ በ1987 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ የሐምቡርግን ጥፋት ከተማይቱን ይገዙ ከነበሩት ባለጸጎች አስተዳደር ጋራ አያይዞ ተርጕሞታል። በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው «አልቶና ማጣሪያ ነበራት፥ ስለዚህ ዳነች» በሚል ቃል ይፈጸማል። የሚቀጥለው የብርድ ወራት ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

በ1893 መጀመሪያ ላይ ኮሌራ በራስዋ በአልቶና ተነሣ። ኮኽ ነገሩን ሲመረምር ከማጣሪያው በሚወጣው ውኃ ውስጥ የባክቴሪያው ቍጥር ከፍ ብሎ እንደ ነበር ተገነዘበ። ምክንያቱም በውርጭ ጊዜ ሲጸዳ የነበረ ማጣሪያ አሸዋው በረዶ ሆኖ ሥራውን ማበላሸቱ ነበር። ወንዙ ያው፥ አሸዋውም ያው ነበር፤ የጐደለው ጥበቃው ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የማጣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያሻል። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ከባክቴሪያ እጅግ የሰፋ ስለ ሆነ አሸዋው እንደ ወንፊት ብቻ ቢሠራ ባያገደው ነበር። ዋናው ሥራ የሚፈጸመው በአሸዋው ገጽ ላይ በሚበቅለው ስስና ልጋጋም ሕያው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ውኃው አላልፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ይገፈፋል። ከተገፈፈም በኋላ አዲስ ሽፋን እስኪይዝ ድረስ የሚወጣውን ውኃ መድፋት ግድ ነው። ስለዚህ ኮኽ ውኃው በሰዓት ከ100 ሚሊሜትር በላይ እንዳይወርድ፥ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከ100 እንዳይበልጥ፥ እያንዳንዱም ማጣሪያ ለየብቻው በየቀኑ እንዲመረመር አሳሰበ።

አሸዋውን መምረጥም እንዲሁ በልክ ሆነ። በ1892 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር በሎረንስ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው አለን ሄዘን ሁለት መለኪያዎች አወጣ። አንደኛው፥ ከአሸዋው ክብደት 10 በመቶው ከእርሱ የሚያንስበት የቅንጣት መጠን ነው። ሁለተኛው፥ 60 በመቶው የሚያንስበት መጠን ለፊተኛው ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ነው፤ ይህም ቅንጣቶቹ ምን ያህል እኩል እንደ ሆኑ ያሳያል። ደቃቁና ሻካራው ከተደባለቀ ደቃቁ ክፍተቱን ይደፍነዋልና። ለዝግተኛው ማጣሪያ ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊሜትር የሆነ አሸዋ ሲመረጥ፥ በኋላ ለመጣው ፈጣን ማጣሪያ 0.5 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ይመረጣል። በፈጣኑ ማጣሪያ ውኃው በሰዓት 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በሸብ ጭቃው እንዲቋጠር ይደረጋል፤ አሸዋውም ከታች ወደ ላይ በሚገፋ ውኃ ይታጠባል።

የዛሬው የመዋኛ ገንዳ የአሸዋ ማጣሪያ የዚህ የፈጣኑ ልጅ ነው። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከፍ ሲል የመታጠቢያው ጊዜ መድረሱን ያመለክታል። እጥበቱ ደካማ ከሆነ ከዋናተኞች ገላ የሚወጣው ቅባት አሸዋውን ያጓጕለዋል፤ ውኃውም በአሸዋው ውስጥ መሹለኪያ አበጅቶ ሳይጣራ ያልፋል።

በ1908 በጀርዚ ሲቲ የከተማ ውኃ ዘወትር በክሎሪን መታከም ከጀመረ ወዲህ ማጣሪያውን ቸል ማለት ይቻላል የሚል ሐሳብ የሚያድርበት ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በ1993 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተውሳክ በደንብ ባልሠራ ማጣሪያ አልፎ ወደ 400,000 የሚገመት ሕዝብ አሳመመ። ይህ ተውሳክ በተለመደው የክሎሪን መጠን በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ ሊቈይ ይችላል።

ሐምቡርግ ማጣሪያዋን የፈጸመችው ሙታንዋን ከቀበረች በኋላ በ1893 ነው። ከሐምቡርግ ማጣሪያን ለመሥራት አለመዘግየትን እንማራለን፤ ከአልቶና ደግሞ የተሠራውን በየቀኑ መጠበቅን። በእኛ አስተያየት የታሪክ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት ሲያጐሉ ሁለተኛውን ይዘነጉታል። ማጣሪያ የተመረቀበት ቀን በመዝገብ ይጻፋል፤ አሸዋውን የሚገፉት፥ የሚያጥቡትና ውኃውን የሚመረምሩት ሠራተኞች ስም ግን አይጻፍም። የከተማው ጤና የተመሠረተው ግን በነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ነው።