ዋኤል ጎማ፦ ግብፃውያን «ዓለቱ» የሚሉት ተከላካይ

የግብፅ ብሔራዊ ቡድንና የአል አህሊ የመሀል ተከላካይ የነበረው ዋኤል ጎማ ጫማውን ከሰቀለ ከ10 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ስሙ በዐረቡ ዓለም የእግር ኳስ ተመልካቾች ዘንድ ዛሬም በፍቅር ይነሳል። ደጋፊዎቹ «አል ሳክራ» ይሉታል፤ ዓለቱ ማለት ነው። በዓለም ዋንጫ ያልተሰለፈ፣ በአውሮፓ ሊጎች ያልተጫወተ፣ ጎል በማስቆጠርም የማይታወቅ ተጫዋች ይህን ያህል መወደዱ ብርቅ ነው።

ጎማ እ.ኤ.አ. በ1975 በናይል ዴልታ በምትገኘው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ኤል ማሃላ ኤል ኩብራ ተወለደ። በዚያም የፈትልና ሽመና ፋብሪካው ክለብ ለሆነው ጋዝል ኤል ማሃላ ተጫውቷል። ወደ አል አህሊ የተዛወረው በ2001፣ ዕድሜው ወደ 26 ተጠግቶ ሳለ ነው። ዘግይቶ ቢደርስም ክለቡ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ፤ ድሉም በ2005፣ 2006፣ 2008፣ 2012 እና 2013 ተደገመ። በመካከሉ በ2007 ለኳታሩ አል ሳይሊያ በውሰት ተጫውቷል።

ዝናው የጸናው ግን በሐሰን ሸሃታ በሚመራው ብሔራዊ ቡድን ነው። ግብፅ በ2006፣ 2008 እና 2010 የአፍሪካ ዋንጫን በተከታታይ ስታነሳ፣ የተጋጣሚን አስፈሪ አጥቂ እግር በእግር እየተከታተለ ማፈን የእርሱ ድርሻ ነበር። በ2008 በኩማሲ ከተማ በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ኮትዲቯር 4 ለ1 ስትሸነፍ ዲዲየር ድሮግባ ጎል አላገኘም። ሳሙኤል ኤቶ በምድቡ ጨዋታ ግብፅ ላይ ሁለት ጎል ቢያስቆጥርም፣ በፍጻሜው ካሜሩን 1 ለ0 ስትረታ ዝም ብሎ ወጥቷል። የጎማን ዋጋ ለመመዘን ከጎል አስቆጣሪዎች ሰንጠረዥ ይልቅ በዚያ የጎደሉትን ስሞች ማየት ይሻላል።

ያቺው ኩማሲ በጥቅምት 2013 መራር ሆነችበት። ኢትዮጵያ በናይጄሪያ በተሸነፈችበት በዚያ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ዙር፣ ግብፅ በጋና 6 ለ1 ተረታች፤ አንዷን ጎል ጎማ በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ። በካይሮ የተገኘው የ2 ለ1 ድል አልበቃም። ዕድሜው 38 ነበርና ሌላ ዕድል አልተጠበቀም፤ ከ110 በላይ ጨዋታዎች የተሰለፈለትን ማሊያ አስቀምጦ በ2014 ከሜዳ ተሰናበተ። ደጋፊው ግን ያንን ምሽት በእርሱ ላይ አልቆጠረበትም።

ከዚያ ወዲህ በዶሃ በሚገኘው የቢኢን ስፖርትስ ጣቢያ ተንታኝነቱ የባሕረ ሰላጤው ተመልካች በሚገባ ያውቀዋል። በ2021 በካርሎስ ኬሮሽ ዘመን የብሔራዊ ቡድኑ ሥራ አመራር ሆኖ ተመልሶ ነበር። ቡድኑ በ2022 መጀመሪያ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከሳምንታት በኋላም በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሴኔጋል በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ።