የእማሆይ ፊርማዎች

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቤቶቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ በሁለት ቀረጻ አምጥቶ የሰጠኝ ዕለት፣ ለምን ሁለት እንዳደረገው አልገባኝም ነበር። አንዱን ኦርኬስትራ የመራው ቶስካኒኒ ነው፤ ሌላውን ፉርትቬንግለር። ሲምፎኒው ያው ሲምፎኒ፣ ኖታውም ያው ኖታ፤ ታዲያ ምን ልዩነት ሊኖረው ነው? ማታ ጎንደር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንዱን ከሌላው አስከትዬ ብሰማቸው፣ የመጀመሪያው ጉዳይ እንዳለበት ሰው ይገሰግሳል፤ ሁለተኛው በየመታጠፊያው ቆም እያለ ወደ ኋላው ይመለከታል። ቤቶቨን እኮ በ1817 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለሲምፎኒዎቹ የፍጥነት ልክ በቁጥር አስቀምጦላቸው ነበር። የአምስተኛው መክፈቻ 108 ነው። ቁጥሩ ተጽፎ ሳለ እንኳ መሪዎቹ ሊስማሙ አልቻሉም።

ይህን ግርምቴን ለአጎቴ አወራኋቸው። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ እንደ እኔው ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከድብ ባሕር የወጡ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ምንም አልገረማቸውም።

«ድጓውስ አንድ አይደለም ወይ?» አሉኝ። «ቤተልሔም በራሱ ያዜመዋል፤ ቆማ በራሱ፤ አጫብርም በራሱ። ማንም ግን ሌላ ድጓ ነው አይልም።»

እውነታቸውን ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለያሬድ ዜማ ምልክት እንደ ሠሩለት በየጉባኤ ቤቱ ይተረካል። ይሁን እንጂ ምልክቱ ዜማውን የሚያውቀውን ያስታውሰዋል እንጂ የማያውቀውን አያስተምረውም። ድፋቱ፣ ሂደቱ፣ ርክርኩ ከቃሉ በላይ ተጽፎ ይታያል፤ ድምፁ እንዴት እንደሚደፋና እንደሚንከባለል ግን ከመምህሩ አፍ ብቻ ነው የሚገኘው። መምህሩ ከተለየ ዜማውም ይለያል። ፈረንጆቹ በሸክላ ያገኙትን ክርክር የእኛ ሊቃውንት በማኅሌት ሲከራከሩበት ኖረዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነበር ሌላ ጥያቄ የመጣብኝ። በኖታና በፒያኖ ከተደረሰው ከእኛው ሰው ሙዚቃ መካከል እንዲህ ቀረጻ ከቀረጻ እያስተያየን ልንሰማው የሚገባ የማን ነው? ጥያቄው ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ወሰደኝ።

ታሪካቸውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ እነሆ። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ደራሲዋና የፓርላማ አባሏ ስንዱ ገብሩ እኅታቸው ናት። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ እዚያም ቫዮሊን ያዙ። በ1937 ጣሊያን ቤተሰቡን በግዞት ወደ አሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ወደ መርኮሊያኖ ወሰደው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል በእጃቸው ገብቶ ሳለ መንገዱ ተዘጋባቸው። እህል ውኃ እምቢ አሉ፤ ታመሙ፤ ከዚያም ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ። በአምባው ላይ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ አልነበረም።

የውጭ ጸሐፍት ስለ እማሆይ ሲጽፉ ሾፐንን ይጠራሉ፣ ኤሪክ ሳቲን ይጠራሉ፣ ግሸንንም በአድናቆት ይጠራሉ። ጎንደር ሲደርሱ ግን ይቸኩላሉ። እኔ ደግሞ የቀረጻዎቹ ቁልፍ የተቀመጠው እዚሁ ነው ባይ ነኝ። የጎንደር ሰው በመሆኔ አድልቼ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ ይፍረደኝ።

እማሆይ በ1960ዎቹ ወደ ጎንደር የመጡት የያሬድን ዜማ ለማጥናት ነው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድና ካይሮ የተማሩት ሴት፣ በጎልማሳነታቸው እንደገና ተማሪ ሆኑ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በየቀኑ የሚያዩት የቆሎ ተማሪውን ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚተኛ። የሚሰጡት ገንዘብ እንዳልነበራቸውና በሙዚቃቸው እነዚህን ልጆችና መሰሎቻቸውን ለመርዳት እንደ ቆረጡ ራሳቸው ተናግረዋል። በዚያው ዐሥርት ዓመት ጀርመን አገር የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ታተሙ፤ የሽያጭ ገቢም በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ልጆች ለሚያድጉበት ቤት ዋለ። እንግዲህ ይህ ሸክላ ከመነሻው ምጽዋት ነበር። እንደ ምጽዋት የሰማው ግን ስንቱ ነው?

የጀርመኑን ቀረጻ መጀመሪያ ልውሰድ። ፒያኖው ጥሩ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። «የእናት ፍቅር» የሚል ትርጉም ያለውን ሙዚቃ ስሰማ፣ ግራ እጅ የአውሮፓን የሦስት ምት ዳንስ ያስታውሰኛል። ሾፐን ለተማሪዎቹ ግራ እጃቸው እንደ ኦርኬስትራ መሪ ምቱን እንዲጠብቅ፣ ቀኝ እጃቸው ግን በነጻነት እንዲዘምር ይነግራቸው ነበር ይባላል። እማሆይ ይህን ትምህርት ያውቁታል። «ቤት አልባው መንገደኛ» ላይ ስንደርስ ግን መሪው ራሱ ምቱን ትቶ የሚሄድ ይመስላል። ቀኝ እጅ በአምስት ድምፅ ቅኝታችን ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ አንዲት ድምፅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቆም ይላል፤ ግራውም ይጠብቀዋል። ይህን የፈረንጅ ጆሮ ሩባቶ ይለዋል፤ የተሰረቀ ጊዜ እንደ ማለት ነው። እኔ ግን ርክርክ የምሰማ ይመስለኛል። ደግሞ እዚህ ጋ ማንም ጊዜ አልሰረቀም፤ ትንፋሽ ነው የተወሰደው። ዜማ የሚያዜም ሰው ይተነፍሳላ!

ከዚያ የኢየሩሳሌሙ ቀረጻ አለ፤ ጎልጎታን፣ ጌቴሴማኒን፣ የዮርዳኖስን ወንዝ በርእስነት የያዘው። ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም። ርእሶቹ ራሳቸው ሙዚቃው ከሳሎን ወጥቶ ወዴት እንደ ሄደ ይናገራሉ።

ብዙ ጊዜ ያሳለፍኩት በሦስተኛው ላይ ነው። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ እማሆይ በቤታቸው በካሴት የቀረጹት ሙዚቃ በ2024 ታትሞ ወጥቷል። በዚህኛው ይዘፍናሉ፤ በአማርኛ፣ በቀጭን ድምፅ፣ ለራሳቸው በሚመስል አኳኋን። ዘመኑ ደርግ ነው፤ አገር የሚወጣበት፣ የወጣው የሚናፈቅበት። ከመስኮቱ ውጭ ወፍ ትሰማለች። የመቅረጫው መጫኛ ሲጫን እንኳ ይሰማል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ተናድጄ አጥፍቼዋለሁ። ከጀርመኑ ጥራት በኋላ እንዲህ ያለውን ማን ይሰማል አልኩ። ለራሴ ሳፍር፣ ወር ያህል አልተመለስኩበትም።

የመለሰኝ ሥራዬ ነው። እኔ በባንክ መስኮት ፊርማ ከፊርማ ሳስተያይ የምውል ሰው ነኝ። ቼክ ሲመጣ ከደንበኛው የናሙና ፊርማ ጋር አመሳክራለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ ጥቂት የተዛነፈውን ሁሉ እጠራጠር ነበር። አንድ ነባር ሠራተኛ ግን እንዲህ ብሎ መከረኝ፦ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ ይልቅ ከናሙናው ጋር ነጥብ ሳይስት የሚገጥመውን ፍራ፤ እርሱ ላዩ ላይ ተሄዶበት የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ቸኩሎ የፈረመ፣ ታሞ የፈረመ፣ አርጅቶ የፈረመ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ነው። የጀርመኑን ሸክላ ናሙና አድርጌ ካሴቱን በእርሱ መመዘኔ ስሕተት እንደ ነበረ የገባኝ አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዲት እናትን የተንቀጠቀጠ ፊርማ ሳይ ነው።

በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያሳትመው «ኢትዮፒክ» 21ኛ ቁጥሩን ለእማሆይ ሲሰጥ፣ በልዩ ልዩ ዘመን የተቀረጹትን በአንድ ዲስክ ሰበሰበ። ውለታው ትልቅ ነው፤ ያለ እርሱ እኔም አልሰማቸውም ነበር። ነገር ግን ዘመናት ተያይዘው ሲመጡ አንድ ሌሊት የተጫወቱት ያህል ይሰማል፤ ጎንደርና ኢየሩሳሌም፣ የወጣትነትና የእርጅና እጅ አንድ ዓይነት የሚያባብል ትካዜ ይሆናሉ። በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ሙዚቃቸው ገብቷል። ዓለም ወደዳቸው፤ ደስ ይለኛል። ሆኖም ቡና እየጠጡ ለማሰላሰል የሚከፈት ሙዚቃ ሆኖ ሲቀር ቅር ይለኛል። በ2023 በታተመው ስብስብ ውስጥ አንዱ ሙዚቃ የቤቶቨንን ቤት፣ ሌላው የ1974ን የረኀብ ዕልቂት በስሙ ይጠራል። ሁለቱን በአንድ ፒያኖ ላይ ያስቀመጠች እጅ ለማባበል ብቻ አልተጫወተችም።

በ2013 ኖታቸው በመጽሐፍ ታትሟል፤ ስለዚህ ሌሎችም ሊጫወቷቸው ይችላሉ። አንድ ቀን የእማሆይም ቶስካኒኒና ፉርትቬንግለር ይመጡ ይሆናል፤ ስለ ፍጥነቱም ይከራከሩ ይሆናል። ያን ጊዜ ከተከራካሪዎቹ አንዱ በጎንደር አንድ ጧት ማኅሌት ቆሞ ቢሆን እመኛለሁ። እማሆይ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ሄደው እዚያው ኖሩ፤ መጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለፈው ፋሲካ ድብ ባሕር ወርጄ ቀረጻዎቹን ለአጎቴ በስልኬ አሰማኋቸው። አጎቴ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ በ1960ዎቹ ሊማሊሞን በእግራቸው ወጥተው ጎንደር የገቡ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። የጀርመኑን ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ዕዝል ሊላት ቃጥቷት ተወችው» አሉ፤ ከዚህ በላይ አላብራሩልኝም። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ደጀ ሰላሙና ስለ ልጆቹ ነገርኳቸው።

«አንቱ አይተዋቸው ይሆን?» አልኩ።

«መነኮሳይቱ ብዙ ነበሩ ልጄ» አሉኝ። «እኛ ደግሞ ፊት አናይም። ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ብለን ስንቆም የምናየው እጅ ነው፤ ባዶ ነው ወይስ ይዟል ብለን።»

ዝም አልን። ከዚያ የባንክ ሰው መሆኔን አስታውሰው ነው መሰለኝ፣ ገንዘቡ ለማን እንደ ደረሰ ጠየቁኝ። ለሙት ልጆች አልኳቸው።

«ደኅና» አሉ። «ለእኛ ቢደርስ ኖሮ ለጌሾ እናደርገው ነበር።» ስቀው ሲያበቁ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። «እስቲ ያችን ወፍ ያለችበትን መልሰህ አሰማኝ።»