የቀይ ተራራ ድንጋይ

የድንጋይ ውበት በተነሣ ቁጥር የጠራቢው ድካም አብሮ ሊነሣ ይገባል። በላይኛው ግብፅ፣ ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ግዙፍ ሐውልቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሐውልቶቹን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ምዕተ ዓመት በቤተ መቅደሱ ደጅ ያሠራቸው ፈርዖን ሣልሳዊ አመንሆቴፕ ነው። የእያንዳንዳቸው ቁመት 18 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብደታቸው ወደ 700 ቶን ይገመታል።

የተቀረጹበት ድንጋይ ኳርትዛይት ይባላል። ይህ ድንጋይ የኳርትዝ አሸዋ በሲሊካ ተጣብቆ አንድ አካል የሆነበት ነው፤ በሚሰበርበት ጊዜም ስንጥቁ የቅንጣቶቹን ዳር ሳይከተል ቅንጣቶቹን ራሳቸውን ሰንጥቆ ያልፋል። በውስጡ ያለው የብረት ዝገት ከማር ቢጫ እስከ ደም ቀይ የሚደርስ ቀለም ይሰጠዋል። የጥንት ግብፃውያንም ከፀሐይ ጋር አዛምደው አክብረውታል።

ይሁን እንጂ ይህ ውበት በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ የኳርትዝ ደረጃ 7 ሲሆን የመዳብ 3 ገደማ ነው። የብረት መሮ ያልነበረው የዘመኑ ሠራተኛ ኳርትዛይቱን በጠንካራ ድንጋይ እየቀጠቀጠ ቅርጽ ያስይዘው፣ በአሸዋ እየፈተገም ገጹን ያለሰልሰው ነበር። ብዙ አጥኚዎች እንደሚያምኑት፣ ድንጋዩ የተፈለጠው ዛሬ ካይሮ ካለችበት አጠገብ፣ ገበል አሕመር ወይም ቀይ ተራራ ከሚባለው ስፍራ ነው። ከዚያ እስከ ሉክሶር ያለው ርቀት ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ገደማ በደረሰ የምድር መንቀጥቀጥ ሰሜናዊው ሐውልት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ንጋት ላይ ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ምክንያቱ ሌሊት የቀዘቀዘው ድንጋይ በፀሐይ መሞቁ ሳይሆን አይቀርም። ግሪኮች ግን ሐውልቱን የንጋት እመቤት ልጅ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሜምኖን ነው አሉ። ኢትዮጵያ ሲሉም በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝቦች ምድር በጠቅላላው ማለታቸው ነበር። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን እ.ኤ.አ. በ130 ድምፁን ሊሰማ መጣ። በኋላ ሐውልቱ ሲጠገን ድምፁ ለዘለዓለም ጠፋ።

በሰሜናዊው ሐውልት እግሮች ላይ ጎብኚዎች ከ100 በላይ ጽሑፎችን ቀርጸው ስማቸውን ትተዋል። ለንጉሡ ታላላቅ የኳርትዛይት ሐውልቶችን ያሠራው ሹም፣ የሀፑ ልጅ አመንሆቴፕ፣ ስሙ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ድንጋዩን የቀጠቀጡት፣ የጎተቱትና ያለሰለሱት ሠራተኞች ስም ግን በሐውልቱ ላይ የለም። የንጉሡ ፊት ራሱ ዛሬ ፈርሷል፤ ለዘመናት የቆመው የእነዚያ ሠራተኞች ሥራ ነው።