ንጉሡ ጎንደር፣ መንግሥቱ ደብረ ታቦር

በሕንድ እያንዳንዱ ክልል ሁለት ሹማምንት አሉት። አንደኛው አገረ ገዥው ነው፤ ሕግ በፊርማው ይጸድቃል፣ ትእዛዝ በስሙ ይወጣል። ሁለተኛው ዋና ሚኒስትሩ ነው፤ በጀቱንም ፖሊሱንም በእጁ የያዘው እሱ ነው። ለሕንዶች ይህ ከእንግሊዝ የወረሱት አሠራር ነው። እኛ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የራሳችን ዓይነት ነበረን፤ መቀመጫውም ደብረ ታቦር ነበር።

በዘመነ መሳፍንት አፄው ጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ ይቀመጣል። የሚያነግሠውም የሚሽረውም ግን ራሱ፣ ማለትም እንደራሴው ነው። ይህን ሥልጣን ከ1780ዎቹ እስከ 1853 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የያዙት የየጁ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው «ወረ ሼህ» ይባላል፤ የሼህ ቤት ማለት ነው። ትልቁ ራስ ዓሊ ጓንጉል አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ካወረዱ በኋላ ቤተሰቡ እየተፈራረቀ ገዛ። ራስ ጉግሣ መርሶ ደግሞ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ደብረ ታቦርን ከተማቸው አደረጉ። ዘውዱ እዚያ፣ ጦሩ እዚህ ሆነ።

በየገጹ «ሙስሊም ሥርወ መንግሥት ጎንደርን ገዝቷል» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ወረ ሼሆች ከሙስሊም ቤት የወጡ ናቸው፤ ሥልጣኑን የያዙት ግን ክርስትና ተነሥተው ነው። የኋለኛው ራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን የወሎው ኢማም ሊበን አመዴ ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም ሲያገቡ ክርስቲያን ሆኑ። የወሎ ዘመዶቻቸው ሙስሊም እንደሆኑ ቀሩ። ስለዚህ ጥያቄው «ሙስሊም ነበሩ ወይ?» ሳይሆን «ሥልጣኑ ምን አስከፈላቸው?» ቢሆን ይሻላል። ጥምቀቱንም ከፍለው ዘውዱ አልተፈቀደላቸውም፤ እሱ የሰሎሞን ዘር ነኝ ለሚል ብቻ ነበር። ከካህናቱ ጥርጣሬም አላመለጡም።

ራስ ዓሊ በ1831 ሲሾሙ ገና ልጅ ነበሩ፤ በስማቸው ዘመዶቻቸውና እናታቸው ያዙ። መነን ደግሞ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አገቡ። እንግዲህ ስሙት፦ አፄው የራሱ እናት ባል ናቸው፣ አገሩን የሚገዛው ግን የእንጀራ ልጃቸው!

የሕንዱ ዋና ሚኒስትር ተጠሪነቱ ለክልሉ ምክር ቤት ነው። የምክር ቤቱን ድጋፍ ካጣ ወንበሩን ለቆ ቤቱ ይገባል። ደብረ ታቦር ላይ ግን ምክር ቤቱ የጦር ሜዳው ነበር። በ1842 የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ውቤ ግን ድላቸውን ሲያከብሩ ተያዙና ሥልጣኑ ለራስ ዓሊ ተመለሰ። በምርጫ ቢሆን ይህን ማን ያምናል? ሁለተኛ ዕድል ግን አልመጣም። በሰኔ 1853 የገዛ አማቻቸው ካሣ አይሻል ላይ አሸነፏቸው፤ ራስ ዓሊ ወደ የጁ ሸሹ።

ካሣ እንደራሴ መሆን አልፈለጉም። በ1855 ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ዘውዱንና ጦሩን በአንድ እጅ ያዙ። የራሶቹን ከተማ ግን አልተዉም። ደብረ ታቦር ተቀመጡ፤ መድፎቻቸውንም አጠገቧ ጋፋት ላይ አሠሩ። በ1867 ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋት ሄዱ።